ቁጥር ስልሳ ስምንት፣ የሞርን ዱዱ ልጅ

ዴልሮን ካዶር የተወለደ ዕለት አዋላጇ ነርስ ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት ሌላ አስመጣች። ሁለተኛውም ያንኑ ሲናገር ልጁን አቅፋ ወደ መስኮቱ ወሰደችውና በብርሃን አገላብጣ አየችው። ጤነኛ ነው። ትልቅ ብቻ ነው።

እናቱ ለሥራ ወደ ትሪኒዳድ ተሻግራ እዚያው ትዳር ስለያዘች ያሳደገችው አክስቱ ታንቲ ኤስሜ ናት። ታንቲ ኤስሜ የገውዝ ዛፎች ያሏት፣ በቤተ ክርስቲያን የፊተኛውን ወንበር ማንም የማይነካባት ሴት ነበረች። ልጁ ከጠረጴዛ በተነሣ ቁጥር ባዶውን ድስት እያየች፣ "ይሄ ልጅ ሲበላ ሳየው ግሬናዳ ደሴት መሆኗ ያሳስበኛል። አንድ ቀን ዳር ላይ እንደርሳለን" ትል ነበር።

ሞርን ዱዱ ገደል ላይ የተለጠፈች መንደር ናት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሚኒባሱ የመጨረሻዋን ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይገፋል። ዴልሮን ጎረምሳ ከሆነ ወዲህ ግን ሰዉ መውረዱን ተወው። ሹፌሩ በመስተዋቱ አይቶት፣ "ዴል፣ እስቲ ውረድ" ይለዋል። እሱም ይወርድና ትከሻውን ከኋላ ይሰጣል፤ ውስጥ የተቀመጡት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ "ቀስ እያልክ፣ እንቁላል ይዣለሁ!" ይሉታል። ማንም እንደ ተአምር አይቶት አያውቅም። ወፍራም ልጅ ነው፣ ይገፋል፣ ምን ይደረግ።

ሰው የሚከበርበት ጨዋታ ክሪኬት ነበር። ዴልሮን ኳሱን ሲመታው እንኳን ሜዳውን ባሕሩንም ይሻገር ነበር፤ ችግሩ መሮጡ ላይ ነው። የመንደሩ ቡድን የያዘው ለጨዋታው ብሎ ሳይሆን ከቀትር በኋላ ተጫዋቾቹ በጥላው ሥር ስለሚቀመጡ ነው የሚሉ ነበሩ።

ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል አጎቱ ብሩክሊን ወሰደው። በመጀመሪያው ክረምት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በረዶ ውስጥ ሰመጠ። ሹፌሩ ስልክ አንሥቶ ጎታች መኪና ሲለምን፣ ዴልሮን ማንም ሳያዘው ወረደ፣ ትከሻውን ሰጠ፣ አውቶቡሱን አወጣው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁሉም አፍጥጦ ያየዋል። ያጠፋ መሰለው። እጁን በሱሪው ጠረገና፣ "እንቁላል የያዘ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ አንገት የሌለው ሰውዬ ቡናውን ጫማው ላይ እያፈሰሰ ይመለከት ነበር። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ነው።

"ኳስ ትጫወታለህ?" አለው በማግስቱ።

"ክሪኬት፣ ጌታዬ።"

"የኛን ኳስ ማለቴ ነው።"

"እሱን አላውቀውም፣ ጌታዬ።"

"ማወቅ አያስፈልግህም። ፊት ለፊትህ የቆመውን ሰው ወደ ኋላ ትገፋዋለህ።"

"ምን አድርጎኝ?"

"ምንም። እሱም አንተን ለመግፋት ነው የሚመጣው።"

"እኔስ ምን አድርጌው?"

አሰልጣኙ ትከሻውን መታ አድርጎት፣ "ልጄ፣ ይሄን ያህል ጥያቄ አይጠየቅበትም" አለው።

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት እግር እምብዛም የማይደርስበትን ጨዋታ ነው። ዴልሮን የተመደበበት ቦታ ላይ ደግሞ እጅም ኳሱን አይነካም። አምስት ግዙፍ ሰዎች ፊት ለፊት በመስመር ይደረደራሉ፤ ከኋላቸው ኳሱን የሚወረውረው ሰው ይቆማል። ወርዋሪው መልከ መልካም ነው፤ ጥርሱ በየማስታወቂያው ላይ ይታያል። የአምስቱ ሥራ ያንን ጥርስ መጠበቅ ነው። ጨዋታው አልቆ የወርዋሪው ማሊያ ንጹሕ ከሆነ ጋዜጣው ወርዋሪውን ያመሰግናል። ከቆሸሸ ግን ያን ጊዜ የአምስቱ ስም ይነሣል።

ዴልሮን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲ በነፃ ተቀበለው፤ "የመዝናኛ አስተዳደር" የሚባል ትምህርት አስተምሮ፣ ወይም አስተምሬያለሁ ብሎ፣ አስመረቀው። ከዚያ በሰሜን በኩል፣ በሐይቅ ዳር ያለች የአንዲት ብርዳም ከተማ ቡድን፣ መዶሻዎቹ የሚባሉት፣ ትልቁ ሊግ ውስጥ አስገቡት። ቁጥር ስልሳ ስምንት ሰጡት።

ወሬው ሞርን ዱዱ ሲደርስ የሩም አረቄ መሸጫው ባለቤት ሴልዊን የሳተላይት ሳሕን ገዝቶ ጣሪያው ላይ ሰቀለ። በመጀመሪያው እሑድ መንደሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደዚያው ጎረፈ። ቄሱም ነበሩ። የክብር ቦታው የሚስተር ጊተንስ ነበር። ሚስተር ጊተንስ የጉምሩክ ጡረተኛ ናቸው፤ በመላው ሰሜን ግሬናዳ የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም ሳያውቁት ያስረዱታል።

"የቱ ነው ዴል?" አለ ሴልዊን።

"ትልቁ" አሉ ሚስተር ጊተንስ።

"ሁሉም ትልልቅ ናቸው እኮ።"

"ከትልልቆቹ ትልቁ።"

"ሁሉም ሄልሜት አድርገዋል፣ በምን ልለየው?"

ታንቲ ኤስሜ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። "ያውና! ያ ጎንበስ ያለው። ሳሕን እጠብ ሲባል እንዲያ ነው የሚሆነው።"

እውነትም እሱ ነበር። ግን ጨዋታው አልቆ ሰው ወደ ቤቱ ሲበተን አንድም ቀን ስሙ አልተጠራም። የወርዋሪው ስም እንደ ጸሎት ተደጋገመ፤ የሯጩም፣ የያዡም፤ የአንድ ውሻ ስም እንኳ በእረፍት ሰዓት ተጠራ። በሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

"ታዲያ የሚከፍሉት ለምንድን ነው?"

"ወርዋሪውን ይጠብቃል።"

"ወርዋሪው ወንድ አይደለም እንዴ?"

በሦስተኛው ሳምንት ግን ቢጫ ጨርቅ ሜዳው ላይ ተወረወረ። ባለ ሸንተረር ማሊያው ዳኛ ወደ ካሜራው ዞሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ለዓለም ሁሉ ተናገረ፤ "መያዝ! ቁጥር ስልሳ ስምንት፣ አጥቂው ወገን!" አስተያየት ሰጪውም ተቀበለና፣ "ይህ ካዶር ነው፣ የግሬናዳው ልጅ" አለ።

ሩም ቤቱ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ሴልዊን ድስት እየደበደበ ወጣ። ቄሱ ሴት ወንድ ሳይሉ አቀፉ። ሚስተር ጊተንስ እጃቸውን አንሥተው ዝምታ ጠየቁ።

"ሰማችሁ? ያዘ ነው ያለው። ያዘ! በክሪኬት ኳስ የያዘ ሰው ምን ይባላል?"

"ጀግና!"

"በቃ። 'አጥቂው' ደግሞ ብሎታል። ያዥም አጥቂም፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ።"

"ግን ሚስተር ጊተንስ፣ ቡድኑ ወደ ኋላ ሄደ እኮ" አለ አንዱ።

ሚስተር ጊተንስ በአዘኔታ ተመለከቱት። "በክሪኬት ፈጣን ወርዋሪ ምን ያደርጋል? ሩቅ ሄዶ አይደል የሚንደረደረው? ለመንደርደር ነው፣ ሞኝ።"

በዚያች ሰዓት የመስመር አሰልጣኙ ዴልሮን አፍንጫ ሥር ቆሞ ምራቁን እየረጨበት ነበር። የተቃዋሚውን ማሊያ ይዞ መጎተት ክልክል ነው፤ ከባድ ጥፋት ነው፤ ቡድኑን ዐሥር ያርድ ወደ ኋላ ይመልሳል። የመስመር ሰው ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው። በማግስቱ ስልኩ ጮኸ።

"ስምህን ጠሩት!" አለች ታንቲ ኤስሜ። ከኋላዋ ድስት ይደበደባል። "አገሩ ሁሉ ሰማ። ቄሱ በስብከታቸው ሊያነሡህ ነው።"

"ታንቲ፣ ነገሩ እንኳ እንዲህ..."

"እዚህ ያለውን ደስታ ብታየው! ምን አልከኝ?"

ዴልሮን ያረፈበትን ሆቴል ግድግዳ አየ። "አዎ ታንቲ፣ ጠሩኝ አልኩሽ።"

"በርታ ልጄ። ደግመህ አስጠራ።"

እንዲህ ሆኖ ነው ዴልሮን ካዶር በሁለት ተቃራኒ ዓለማት መካከል መኖር የጀመረው። ጥሩ በተጫወተባቸው እሑዶች ሞርን ዱዱ ያዝናል። "ዛሬ አላየንህም፣ ታመህ ነው?" ይሉታል። ባጠፋባቸው እሑዶች አሰልጣኙ ይሰድበዋል፣ አክስቱ ትመርቀዋለች። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው የሐዘን ዓመታት ነበሩ፤ ምክንያቱም ዴልሮን ጎበዝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ላይ አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሕይወት ታሪኩን ሊሠራ መንደሩ ድረስ መጣ። አዘጋጇ ሰፊ ኮፍያ ያደረገች ሴት ነበረች። የታንቲ ኤስሜን ቤት አየች፤ ሮዝ ቀለም፣ ባለ ሰድር በረንዳ፣ ላስቲኩ ያልተነሣ ሶፋ።

"የድሮው ቤት የት ነው?" አለች።

"ይኸው ነው።"

"ከዚህ በፊት የነበረው ማለቴ ነው።"

"ከዚህ በፊት እኔም አልነበርኩም።"

"ውሃስ ከየት ነበር የምትቀዱት?"

"ከቧንቧ።"

"ከቧንቧው በፊት?"

"ከጎረቤት ቧንቧ።"

አዘጋጇ ባልዲ በራሷ ላይ ተሸክማ ከወንዙ እንድትወጣ በትሕትና ጠየቀቻት። ታንቲ ኤስሜ ያቺን ሴት ከእግር እስከ ራስ ካየቻት በኋላ፣ "እኔ ለእሑድ የገዛሁት ባርኔጣ አለኝ፤ በራሴ ላይ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው" ብላ በሩን ዘጋች።

መንደሩ ግን እንደሷ አልኮራም። ካሜራው ድሃ እንደሚፈልግ ሲሰማ ድሃ ለመሆን ሽሚያ ሆነ። መጋረጃ ወረደ፤ ማቀዝቀዣ በአንሶላ ተሸፈነ። ሚስተር ጊተንስ ጫማቸውን አውልቀው፣ የሚያብረቀርቅ የወርቅ ሰዓታቸውን እንዳሰሩ፣ ጫማ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንዳደጉ በእንባ ተናገሩ። አሸናፊው ሴልዊን ሆነ። የፍየሎቹን ጋጣ አከራየ። ፊልሙ ሲወጣ ዴልሮን ከፍየሎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳደገ ለዓለም ተነገረ፤ አንዷ ፍየል እንደ እህቱ ሆና ካሜራው ፊት ቀርባ ነበር። ታንቲ ኤስሜ ሴልዊንን ለወራት ሰላም አላለችውም። በመዶሻዎቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ደግሞ፣ ዴልሮን በገባ ቁጥር፣ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው በአንድ ድምፅ "ምኤ" ይል ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ እሑድ ኳሱ ከአንዱ ሄልሜት ነጥሮ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ዞሮ ዞሮ ዴልሮን እቅፍ ውስጥ ወደቀ። በዘመኑ የነካው ኳስ ያ ብቻ ነው። እንደ ትኩስ ድንች ሊጥለው ነበር፤ ከዚያ "ሩጥ!" የሚል ጩኸት ሰማና ሮጠ። ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስመሩን አልፎ ወደቀ። ጎል ነው። ስታዲየሙ አበደ። ስሙ በመብራት ተጻፈ።

ሞርን ዱዱ ላይ ያን ዕለት አንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ወድቆ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማንም አላየም። ደውሎ ትንፋሽ እስኪያጥረው ተጣድፎ ሲነግራቸው ሚስተር ጊተንስ ስልኩን ተቀበሉት።

"የመስመር ሰው ኳስ አይነካም፣ ልጄ። ሕጉን አውቀዋለሁ። አንተ መያዙ ይበቃሃል፤ ሌላ ምን ፈልገህ ነው?"

ታንቲ ኤስሜ ብቻ፣ "አደረግኩ ካልክ አድርገሃል" አለችው፤ ግን ድምፅዋ በልጅነቱ ሻርክ አየሁ ሲላት የምታወጣው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ጉልበቱ ሄደ። አንድ ቅዳሜ በልምምድ ላይ መጋጠሚያው እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሐኪሙ ቀደደው፣ ሰፋው፣ ደህና ነህ አለው። ደህና አልነበረም። በፊት ሁለት እርምጃ ቀድሟቸው ይቆምባቸው የነበሩት ልጆች አሁን በጎኑ እንደ ንፋስ ያልፉ ጀመር። ሲያልፉ ምን ያድርግ? ማሊያቸውን ይይዛል። ቢጫው ጨርቅ ይወረወራል። "መያዝ! ቁጥር ስልሳ ስምንት!" በየሳምንቱ ሆነ፤ አንዳንዴ በአንድ ጨዋታ ሁለቴ ሦስቴ። የገዛ ከተማው ሕዝብ ሲያየው ያፏጭበት ጀመር። ሱቅ ሲገባ ልጅ ያቀፈች አሮጊት፣ "እጅህን ሰብስብ!" ብላ ጮኸችበት።

ሞርን ዱዱ ግን እንዲህ ያለ የደስታ ዘመን አላየም። ወሬው ከመንደር አልፎ ዋና ከተማ ደረሰ። ሬዲዮ ጣቢያው ሰኞ ጠዋት ስንት ጊዜ እንደተጠራ ከአየር ሁኔታው ቀጥሎ ይናገር ነበር። የካሊፕሶ ዘፈን ወጣለት። ሁለት ሕፃናት ዴልሮን ተባሉ፤ አንዷ ሴት ናት።

በመጨረሻው ጨዋታ አንዱ በጎኑ አመለጠው፤ ሊይዘው ሲዘረጋ ማሊያውም አመለጠው። መልከ መልካሙ ወርዋሪ ከሥር ሆኖ አጥንቱ ሲሰበር ዴልሮን ድምፁን ሰማው። ሆስፒታል ሄዶ ሲጠይቀው ወርዋሪው በነጭ ጥርሱ ሥቆ፣ "አይዞህ፣ ወንድሜ፣ የጨዋታ ነገር ነው" አለው። በማግስቱ ለጋዜጣ፣ "የሚጠብቀኝ ሰው ያስፈልገኛል" አለ። በሳምንቱ ቡድኑ ዴልሮንን አሰናበተው። ዕቃውን እንዲሰበስብበት የሰጡት ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ነበር። ላስቲኩን ይዞ ሊፍት ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

"የግሬናዳ ስፖርት ሚኒስትር ናቸው የሚያነጋግሩህ" አለች አንዲት ሴት። "አገር ሊቀበልህ ተዘጋጅቷል።"

ተቀበለውም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ በጭነት መኪና ላይ አቁመው፣ ማርሽ ባንድ አስቀድመው አዞሩት። በስሙ ቴምብር ታትሞ ነበር። ሚኒስትሩ መጋረጃውን ሲገልጡት ቴምብሩ ላይ ያለው ኳስ ሊወረውር እጁን ያነሣ ሰው ነው፤ መልከ መልካሙ ወርዋሪ። ከዳር በኩል፣ ጥርስ ጥርስ ባለው የወረቀቱ ጫፍ ላይ፣ የዴልሮን ክርን ትታያለች።

"ባለፈው ዓመት ብቻ" አሉ ሚኒስትሩ፣ "በዚያ ሊግ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ በላይ፣ ከሁሉም በላይ እላችኋለሁ፣ ስሙ የተጠራው የዚህች አገር ልጅ ነው!"

ይህ ቃል በቃል እውነት ነበር። ዴልሮን ከዚህ በላይ መቆም አቃተው። ማይክሮፎኑን ያዘ።

"ወገኖቼ፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልናገር። ስሜ የሚጠራው ሳጠፋ ነው።"

የባንዱ ከበሮ መቺ ዱላውን አወረደ። ዴልሮን ትንፋሹን ሰብስቦ ሊቀጥል ሲል፣ ሚስተር ጊተንስ ከክብር ወንበራቸው ተነሡ።

"ትሕትናውን እዩልኝ!" አሉ፤ ጉንጫቸው በእንባ ርሷል። "ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሄን ትሕትና እዩልኝ!"

ጭብጨባው መሬት አንቀጠቀጠ። ዴልሮን፣ "አይደለም፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ክልክል ነው፣ መያዝ ክልክል..." ሲል ባንዱ ጀመረ። ሚኒስትሩ እጁን ወደ ላይ አነሡት፤ እጁም ተነሣላቸው።

ከሰልፉ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እሱና አክስቱ ኩሽና ውስጥ ብቻቸውን ሆኑ። ድስት ሙሉ የዳቦ ፍሬ በኮኮናት ወተትና በጨው ሥጋ አብስላለታለች። ታንቲ ኤስሜ የእሑድ ባርኔጣዋን አላወለቀችም። ሳሕኑን ሞልታ አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ጉልበትህን ያምሃል አይደል?"

"ያመኛል።"

"አሰናብተውሃል።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል፣ እኔ ዓይን የለኝም? ያ ባለ ሸንተረሩ ሰውዬ ስምህን ሲጠራ ፊቱን አየዋለሁ። የመቶ አለቃ ፊት ነው። እንደዚያ ባለ ፊት ምስጋና ተናግሮ የሚያውቅ ሰው የለም። ከሁለተኛው ጥሪህ ጀምሮ አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አስጠራ፣ በርታ ትይኝ ነበር? ለምን ለነሱስ አልነገርሻቸው?"

ታንቲ ኤስሜ ባርኔጣዋን አወለቀች፤ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው።

"እሑድ እሑድ ሁሉም ስለ ልጁ ያወራል፣ ልጄ። የፍራንሲን ልጅ ነርስ ሆነች፣ የእንትና ልጅ ቶሮንቶ ቤት ገዛ። አንተ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተደፍተህ ውለህ ማንም ስምህን አያነሣም። ሲጠራ ደግሞ... ለምን እንደሆነ ባውቅም ደስ ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ? ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

ዴልሮን አንገቱን ደፍቶ በላ። ምግቡን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ሲጨርስ ደገመችለት። "ያቺን ኳስ ግን እውነት ነው የያዝካት?" አለችው ድንገት።

"እውነት ነው፣ ታንቲ።"

"ሮጥክ?"

"ሮጥኩ።"

"አንተ?" አለችና ሣቋ አመለጣት፤ እሱም ሣቀ፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ ድረስ ሣቁ።

ሚኒስትሩ ለውለታው "የአሜሪካ እግር ኳስ ልማት ከፍተኛ አማካሪ" አድርገው ሾሙት። ቢሮ ተሰጠው፣ በሩ ላይ ስሙ ተለጠፈ። በአገሩ ውስጥ የሚለማ ሜዳም፣ ኳስም፣ ተጫዋችም አልነበረም። ስብሰባ ግን ነበር። ጥቂት ወራት ታግሦ ቁልፉን መለሰ። ሹመቱ አልተሰረዘም፤ ቦታው ክፍት መሆኑን ያስተዋለ ሰው እስካሁን የለም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ባሕር ዳር ይወርዳል። ትልቁ መረብ ሲሳብ ሃያ ሠላሳ ሰው በሁለት ገመድ ተሰልፎ ይጎትታል፤ የጎተተ ሁሉ ዓሣውን ይካፈላል። የመረቡ አለቃ ብሬንደን የሚባል፣ ከዴልሮን ደረት የማያልፍ፣ ድምፁ ግን ከተራራው ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ዴልሮን የቀኙን ገመድ ከመሃል ይዞ ሳበ፤ ያ ወገን በሙሉ ከኋላው ተገልብጦ አሸዋ ላይ ተዘረጋ፣ መረቡም ተጣመመ።

"አንተ ሰውዬ!" ብሎ ጮኸበት ብሬንደን ከጀልባው ላይ። "ብቻህን ነህ እንዴ? ከሰው ጋር ሳብ!"

"እሺ አለቃ" አለ ዴልሮን፤ ገመዱን አላላና ቀጥሎ የሚመጣውን ጩኸት ጠበቀ። ሌሎቹ አሸዋቸውን እያራገፉ፣ እየተሳደቡ፣ ከፊቱና ከኋላው ተሰለፉ። "በሉ!" አለ ብሬንደን፣ ሁሉም አብረው ሳቡ።